ራቢትኤምኪው ሰርቨር መጫንና ማስነሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ ያሰባሰብኳቸው ጥያቄዎች ራቢትኤምኪው (ባጭሩ ራቢት) የሚባለውን መሴጅ ብሮከር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚጭኑ ልጆች ደጋግመው የሚመጡልኝ ናቸው፣ ብዙዎቹን እኔም በጊዜው ሰው ፈልጌ ጠይቄያቸዋለሁ። ኮማንዶቹን አጠራራቸውን ተከትዬ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፣ ተርሚናል ላይ ስትተይቡ ግን በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ፣ ራቢትኤምኪው የሚለውንም ሳትነጣጥሉ አያይዛችሁ ነው። ቼክ ረኒንግ ወይ ስቶፕ አፕ የመሰሉ የራቢት ኮማንዶች ላይ በቃላቱ መሀል አንደርስኮር (_) ይገባል።

መሴጅ ብሮከር ምንድነው፣ ለኔ አፕ ምን ያደርግልኛል?

የምግብ ቤት አስተናጋጅ አስቡ። ጥብስ ሲታዘዛት ኩሽና ገብታ ስጋው እስኪበስል ቆማ አትጠብቅም፣ ትዕዛዙን ጽፋ ሰጥታ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ትሄዳለች፣ ኩሽና ያሉት ደግሞ ወረቀቱን በተራው እያነሱ ይሰራሉ። ብሮከር ማለት ወረቀቶቹ የሚሰለፉበት ቦታ ነው። ደንበኛ አፓችሁ ላይ ሲያዝ ኤስኤምኤስ መላክ አለ፣ ደረሰኝ ማዘጋጀት አለ፣ ለሾፌሩ ማሳወቅ አለ፣ ይሄን ሁሉ ዌብሳይቱ ራሱ ልስራ ካለ ኤስኤምኤስ የሚልከው ሲስተም በዘገየ ቁጥር ደንበኛው ነጭ ስክሪን ላይ ፈጦ ይቀራል። በብሮከር ከሆነ ዌብሳይቱ መሴጁን ኪው (ወረፋ) ላይ አስቀምጦ ለደንበኛው ወዲያው "ትዕዛዝዎ ደርሶናል" ይለዋል፣ ወርከር የምንለው ሌላ ፕሮግራም ከኋላ ሆኖ ስራውን ይጨርሳል። በቀን አስር ኢሜይል ብቻ የምትልኩ ከሆነ ግን ዳታቤዝ ላይ አንድ ቴብል ይበቃችኋል፣ ሌላ ሰርቨር መጠበቅ ራሱን የቻለ ስራ ነው።

ካፍካ አይሻልም?

ለሌላ ስራ ነው የተሰራው። ካፍካም መሴጅ የሚያስተላልፍ ሲስተም ነው፣ ግን ሎግ ነው፣ መሴጁ ቢነበብም እዛው ይቆያል፣ ደግሞ ማንበብ ይቻላል። ራቢት ላይ ተራው ኪው ስራ ማከፋፈያ ነው፣ ወርከሩ "ጨርሻለሁ" ሲል መሴጁ ከኪው ይወጣል። ስራ ለማከፋፈል ለሚፈልግ ትንሽ ቲም እኔ ራቢትን ነው የምመክረው፣ በ2007 የወጣ፣ ብዙ የተፈተነ ነገር ነው፣ ለፓይተን፣ ለጃቫ፣ ለኖድጄኤስ፣ ለፒኤችፒ ላይብረሪ አለው።

ኤርላንግ የሚባለውን መጫን ግድ ነው ወይ? እኔ ኤርላንግ አልችልም

መቻል አያስፈልጋችሁም፣ መኖሩ ግን ግድ ነው። ራቢትኤምኪው የተጻፈው በኤርላንግ ነው። ኤርላንግ ደግሞ ኤሪክሰን ለቴሌኮም ማሽኖች ብሎ የሰራው ቋንቋ ሲሆን በ1998 ኦፕን ሶርስ ሆኗል፣ ስልክ ሳይቋረጥ እንዲሰራ ታስቦ የተሰራ ስለሆነ ለብሮከር የተመቸ ነው። ሰው የሚሳሳተው ቨርዥኑ ላይ ነው፣ እያንዳንዱ የራቢት ቨርዥን የሚቀበለው የኤርላንግ ቨርዥን ተወስኗል፣ ለምሳሌ ራቢት 4.0 ከኤርላንግ 26.2 በታች አይነሳም። ኢንስቶል ከማድረጋችሁ በፊት ኦፊሻል ዶክመንቴሽኑ ላይ የሁለቱን ማዛመጃ ሰንጠረዥ እዩ፣ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ እሱን ያልፈተሸ ሰው ግን ሰርቨሩ ለምን ተነስቶ እንደሚወድቅ ሲፈልግ ይውላል።

ኡቡንቱ ላይ ዝም ብዬ በአፕት ብጭነውስ?

ይጫናል፣ ግን የቆየ ቨርዥን ነው የሚመጣላችሁ። ኡቡንቱ 22.04 ራሱ ይዞት የመጣው 3.9 ነው፣ 24.04 ደግሞ 3.12። ለመማር ችግር የለውም፣ ለፕሮዳክሽን ግን የራቢት ቲም ራሱ የሚያዘጋጀውን አፕት ሪፖዚተሪ ጨምሩ፣ እዛ ውስጥ ተስማሚው ኤርላንግም አብሮ አለ። ቅደም ተከተሉ የሚሄደው መጀመሪያ የሪፖዚተሪውን ሳይኒንግ ኪይ ማስገባት፣ ቀጥሎ አድራሻውን ሶርስ ሊስት ውስጥ መጻፍ፣ አፕት አፕዴት፣ ከዛ የኤርላንግ ፓኬጆቹን፣ በመጨረሻ ራቢትኤምኪው-ሰርቨርን መጫን ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ተጭኖ እንዳለቀ ሰርቨሩ በራሱ ይነሳል። ሬድሃትና ዘመዶቹ ላይ ግን አይነሳም፣ እናንተ ናችሁ በሲስተምሲቲኤል ኢኔብል እና ስታርት የምትሉት፣ ኢኔብል ካላላችሁት ደግሞ ማሽኑ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ብሮከሩ እንደተኛ ይቀራል።

ዊንዶውስ ላይስ?

መጀመሪያ ኤርላንግን፣ ከዛ ራቢትን፣ ሁለቱንም በአድሚኒስትሬተር። ኢንስቶለሩ ሰርቪስ አድርጎ ያስቀምጠውና ያስነሳዋል። ኤርላንግን ያለአድሚኒስትሬተር ከጫናችሁት ኢንስቶለሩ ኤርላንግን ሊያጣው ይችላል፣ ያኔ ኤርላንግ ሆም የሚባለውን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ኤርላንግ ወዳለበት ፎልደር ማሳየት ነው።

አንድ እኛን በተለይ የሚነካ ነገር አለ። የዊንዶውስ ዩዘርኔማችሁን በአማርኛ ፊደል ከጻፋችሁት ራቢት ዳታና ሎግ የሚያስቀምጥበት የአፕዳታ ፎልደር አድራሻም አማርኛ ይገባበታል፣ ራቢት ደግሞ ከላቲን ፊደል ውጪ ያለ የፎልደር አድራሻ አይወድም። መፍትሄው ኢንስቶል ሳታደርጉ በፊት ራቢትኤምኪው ቤዝ የሚባለውን ቫሪያብል ሲ ድራይቭ ላይ ወዳለ በላቲን ፊደል የተሰየመ ፎልደር ማዞር ነው። የዩዘር ስም በአማርኛ የማውጣት ደስታ ይገባኛል፣ ሰርቨር ላይ ግን ይቅር።

ዶከር ብጠቀም አይቀልም?

ለላፕቶፕ በጣም ይቀላል፣ እኔም ለመማሪያ እሱን ነው የምለው። ኢሜጁን ስትመርጡ ማኔጅመንት የሚል ታግ ያለውን ውሰዱ፣ የብሮውዘሩ ገጽ ተከፍቶ ይመጣላችኋል፣ ኤርላንግም ውስጡ አለ። ፖርት 5672 እና 15672ን ወደ ውጪ አውጡ። ብዙ ሰው የሚረሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ፣ አንዱ ቮልዩም ነው፣ ቫር ሊብ ራቢትኤምኪው የሚለውን ፎልደር ስም ያለው ቮልዩም ላይ ካላደረጋችሁት ኮንቴይነሩን አጥፍታችሁ እንደገና ስትፈጥሩት የነበረው ሁሉ አይኖርም። ሁለተኛው ሆስትኔም ነው፣ ኮንቴይነሩን ስታስነሱ የማይቀየር ሆስትኔም ስጡት። ለምን እንደሆነ ከታች አለ፣ እሱን በደንብ አንብቡት።

ሰርቨሩ እውነት መነሳቱን በምን አውቃለሁ?

ሲስተምሲቲኤል "አክቲቭ" ስላለ ብቻ አትመኑ፣ ያ የሚነግራችሁ ፕሮሰሱ መኖሩን ነው። ራቢትኤምኪው-ዳያግኖስቲክስ የሚባል ኮማንድ አለ፣ ፒንግ ስትሉት ኤርላንጉ መልስ መስጠቱን፣ ቼክ ረኒንግ ስትሉት ብሮከሩ ራሱ መስራቱን፣ ቼክ ፖርት ኮኔክቲቪቲ ስትሉት ደግሞ ፖርቶቹ ኮኔክሽን መቀበላቸውን ያያል። ሶስቱም ካለፉ ሰርቨራችሁ ተነስቷል። ካላለፉ ሎጉን ክፈቱ፣ ሊኑክስ ላይ ቫር ሎግ ራቢትኤምኪው ውስጥ ነው። ሎጉ ረጅም ስለሆነ ሰው ይፈራዋል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ "ኢረር" ከሚለው የመጀመሪያው መስመር አጠገብ በግልጽ ተጽፏል፣ ከታች ያለው ዝርዝር የሱ መዘዝ ነው።

ብሮውዘር ላይ 15672 ስከፍት ምንም አይመጣም

ያ ገጽ ፕለጊን ነው፣ በፓኬጅ ስትጭኑ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ራቢትኤምኪው-ፕለጊንስ ኢኔብል ብላችሁ ራቢትኤምኪው አንደርስኮር ማኔጅመንት የሚለውን ስም ስጡት፣ ሰርቨሩን ሪስታርት ማድረግ አያስፈልግም። የኮማንዱ ስም ላይ ሰረዝ፣ የፕለጊኑ ስም ላይ አንደርስኮር መሆኑን ልብ በሉ፣ እዚች ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከዛም ካልመጣ ፋየርዎል ነው፣ ክላውድ ላይ ከሆናችሁ የክላውዱ ፋየርዎል እና የማሽኑ ፋየርዎል ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። 5672ን ብሮውዘር ላይ ከፍቶ "አይሰራም" የሚልም አለ፣ እሱ አፓችሁ በኤኤምኪውፒ (ከብሮከሩ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮቶኮል) የሚገናኝበት ፖርት እንጂ ዌብ ገጽ አይደለም። እባካችሁ 15672ን ለመላው ኢንተርኔት ክፍት አታድርጉት፣ በቪፒኤን ወይ በኤስኤስኤች ተነል ግቡበት።

ጌስት ጌስት ብዬ ስገባ እምቢ ይለኛል፣ ፓስዎርዱ ተቀይሮ ነው?

አልተቀየረም። ጌስት የሚባለው ዩዘር የሚገባው ከዛው ከማሽኑ ከሎካልሆስት ብቻ ነው፣ ከሌላ ኮምፒውተር ከመጣችሁ ይከለክላል፣ ደግ አድርጎም ነው የከለከለው ምክንያቱም ይሄ ፓስዎርድ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው። ይሄን ክልከላ የሚያነሳ ኮንፊግ ኢንተርኔት ላይ ታገኛላችሁ፣ አትጠቀሙበት። የራሳችሁን ዩዘር ፍጠሩ፦ ራቢትኤምኪውሲቲኤል አድ አንደርስኮር ዩዘር፣ ቀጥሎ ሴት ዩዘር ታግስ ብላችሁ አድሚኒስትሬተር፣ ቀጥሎ ሴት ፐርሚሽንስ።

ሶስተኛውን እርምጃ የሚዘል ሰው በጣም ብዙ ነው። አድሚኒስትሬተር የሚለው ታግ የማኔጅመንት ገጹን ነው የሚከፍትላችሁ፣ አፓችሁ ኪው እንዲፈጥርና መሴጅ እንዲልክ ፈቃድ የሚሰጠው ፐርሚሽን ነው፣ ቨርችዋል ሆስት (ሰርቨሩ ውስጥ ኪዎች ተለይተው የሚቀመጡበት ክፍል) ላይ በሶስት ይከፈላል፣ መፍጠር፣ መጻፍ፣ ማንበብ። ስለዚህ ብሮውዘሩ ላይ ገብታችሁ አፑ ግን "አክሰስ ሪፊውዝድ" ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ፣ ፐርሚሽን ነው። ለእያንዳንዱ አፕ የየራሱን ዩዘር ስጡ፣ ስትጨርሱም ጌስትን ሰርዙት።

"ኖድ ዳውን" ወይ ስለ ኩኪ የሚያወራ ኢረር ይመጣብኛል፣ ሰርቨሩ ግን እየሰራ ነው

ኖድ የሚባለው አንድ የተነሳ የራቢት ሰርቨር ነው። ይሄ ኩኪ ከብሮውዘር ኩኪ ጋር አይገናኝም። ኤርላንግ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት የሚስጥር ቃል ነው፣ ራቢትኤምኪውሲቲኤል ሰርቨሩን ሲያናግር ሁለቱ ጋ ያለው ኩኪ አንድ አይነት መሆን አለበት። ሊኑክስ ላይ ፋይሉ ቫር ሊብ ራቢትኤምኪው ውስጥ ተደብቆ አለ፣ ኮማንዱን በሱዶ ካሰራችሁት ራሱ ያገኘዋል። ዊንዶውስ ላይ ሰርቪሱ የሚያነበው በሲስተሙ ፕሮፋይል ፎልደር ውስጥ ያለውን ነው፣ እናንተ ኮማንድ ስትሰጡ የሚነበበው ደግሞ በናንተ ዩዘር ፎልደር ውስጥ ያለው፣ ሁለቱ ከተለያዩ የሲስተሙን ኮፒ አድርጋችሁ የናንተ ላይ ተኩበት።

ኩኪው ልክ ሆኖ አሁንም ካልተገናኘ ሆስትኔሙን እዩ። የኖዱ ስም ራቢት አት ብሎ የማሽኑን ስም ይጨምራል፣ ማሽኑ የራሱን ስም ወደ አይፒ መፍታት ካልቻለ ኮማንዱ ሰርቨሩን አያገኘውም። ኢቲሲ ሆስትስ ፋይል ውስጥ የማሽኑን ስም ከ127.0.0.1 ጋር ጻፉት፣ አንድ ማሽን ብቻ ከሆነ በዚህ ያልቃል። ክላስተር (አብረው የሚሰሩ ብዙ ኖዶች) ከሆነ ደግሞ ኖዶቹ የሚገናኙባቸው 4369 እና 25672 በመካከላቸው ክፍት መሆን አለባቸው፣ ለውጪው ዓለም ግን ዝግ።

ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጌ ስገባ ኪዎቼም ዩዘሮቼም የሉም!

ከሁሉም ጥያቄ ሰው ተደናግጦ የሚጠይቀኝ ይሄን ነው፣ እኔም ደርሶብኛል። አንድ ቦታ ስሰራ ማሽኑን ስናዛውር ስሙ ተቀየረ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ብሮከሩን አስነሳሁት፣ አንድም ኢረር የለም፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ውስጡ ግን ባዶ። ያን ያህል የተጨነቅኩበት ሌሊት ትዝ አይለኝም፣ የሰው ትዕዛዝ ነበር ውስጡ።

ዳታው አልጠፋም ነበር። ራቢት ዳታውን የሚያስቀምጠው በኖዱ ስም በተሰየመ ፎልደር ነው፣ የኖዱ ስም ደግሞ ከሆስትኔም ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ሆስትኔሙ ሲቀየር "አዲስ ኖድ ነኝ" ብሎ አዲስ ባዶ ፎልደር ይፈጥርና ይነሳል፣ የድሮው ፎልደር እዛው ጎኑ ተቀምጧል። ቫር ሊብ ራቢትኤምኪው ምኔዢያ (mnesia) ውስጥ ግቡ፣ ሁለት ፎልደር ካያችሁ እፎይ በሉ። ሰርቨሩን አቁሙ፣ የድሮውን ሆስትኔም መልሱ፣ አስነሱት። ምንም አትሰርዙ፣ ፎልደሩንም ሪኔም አታድርጉ፣ የኖዱ ስም ዳታው ውስጥም ተጽፏል። አንድ ኖድ ብቻ ካላችሁ ከመጀመሪያው ጀምሮ በኢንቫይሮመንት ኮንፊግ ፋይሉ ኖድኔሙን ራቢት አት ሎካልሆስት ብላችሁ ብታስሩት ይሄ ነገር አይደርስባችሁም። ዶከር ላይ ሆስትኔም ስጡት ያልኩትም ለዚህ ነው፣ ካልሰጣችሁት ለእያንዳንዱ አዲስ ኮንቴይነር የራሱን ስም ነው የሚያወጣለት፣ ቮልዩሙ ኖሮም ዳታውን አያየውም።

መብራት ቢጠፋ መሴጆቹ ይጠፋሉ?

እንዳዋቀራችሁት ነው፣ ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት አዎ ሊጠፉ ይችላሉ። አራት ነገር ነው የሚፈለገው፣ አንዱ ብቻውን አይበቃም። ኪው ዱረብል መሆን አለበት፣ ያ ኪው ራሱ ከሪስታርት እንዲተርፍ ነው። መሴጁ ፐርሲስተንት (ዲስክ ላይ የሚጻፍ) ተብሎ መላክ አለበት፣ ኪው ዱረብል ሆኖ መሴጁ ፐርሲስተንት ካልሆነ ከሪስታርት በኋላ ባዶ ኪው ነው የምታገኙት። ላኪው ፐብሊሸር ኮንፈርም ማብራት አለበት፣ ብሮከሩ "ተቀብያለሁ" እስኪለው ድረስ እንደላከ መቁጠር የለበትም። ተቀባዩ ደግሞ ስራውን ከጨረሰ በኋላ ነው አክ ("ጨርሻለሁ" የሚለውን መልስ) የሚመልሰው፣ አውቶ አክ ከሆነ መሴጁ ወርከሩ ጋ ሲላክ ወዲያው ከኪው ይወጣል፣ ወርከሩ መሀል ላይ ከሞተ መሴጁም አብሮ ይሄዳል።

መጥፋት ለሌለበት ነገር፣ ለክፍያ፣ ለትዕዛዝ፣ ኮረም ኪው የሚባለውን የኪው አይነት ተጠቀሙ። ሁሌም ዱረብል ነው፣ መሴጁ ዲስክ ላይ ሳይጻፍ ኮንፈርም አይመልስም። አንድ ነገር ግን እወቁ፣ አክ ሳይመለስ ማሽኑ የጠፋበት መሴጅ መብራት ሲመጣ እንደገና ይላካል፣ ስለዚህ ወርከራችሁ አንድ መሴጅ ሁለቴ ቢደርሰው ሁለቴ ገንዘብ እንዳይቆርጥ የትዕዛዝ ቁጥሩን እያየ እንዲሰራ አድርጉት። እና ሞክሩት። መቶ መሴጅ ላኩ፣ ወርከሩን አቁሙ፣ ሰርቨሩን በግድ አጥፉት፣ አስነሱና ቁጠሩ። እዚህ አገር መብራት እንደሚጠፋ እናውቃለን፣ ጀነሬተር ተነስቶ እስኪይዝ ያለችው ጥቂት ሰከንድ ትበቃለች፣ እሱ ከሚፈትናችሁ ራሳችሁ ቀድማችሁ ፈትኑት።

ሰርቨሩ ይሰራል፣ ግን መሴጅ መላክ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ኢረርም የለም

አላርም ነው። ራቢት ሜሞሪ ወይ ዲስክ እያለቀበት ሲሄድ ራሱን ለማዳን ላኪዎችን ያግዳል፣ ኮኔክሽኑ አይቋረጥም፣ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ለዛ ነው ግራ የሚያጋባው። ማኔጅመንት ገጹ ላይ ኖዱ ቀይ ሆኖ ታዩታላችሁ። የሜሞሪው ገደብ በ3 የሚጀምሩት ቨርዥኖች ላይ ከራሙ 40 በመቶ ነበር፣ ከ4.0 ጀምሮ 60 በመቶ ሆኗል። የዲስኩ ደግሞ 50 ሜጋባይት ነው፣ ይሄ ለፕሮዳክሽን በጣም ትንሽ ነው፣ አላርሙ ሳይደርስ ዲስኩ ሊሞላ ስለሚችል ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ከፍ አድርጉት። 1 ጊጋ ራም ባለው ርካሽ ማሽን ላይ ከዳታቤዙ ጋር አጣብቃችሁ ከጫናችሁት ይሄን አላርም ቶሎ ቶሎ ታዩታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛው ምክንያት ግን ወርከሩ ሞቶ ኪው ላይ መሴጅ መከመሩ ነው፣ ራም ከመግዛታችሁ በፊት እሱን እዩ። አፓችሁ ላይም ለመላኪያና ለመቀበያ የተለያየ ኮኔክሽን ክፈቱ፣ አንድ ኮኔክሽን ከሆነ መላኩ ሲታገድ አክ መመለሱም አብሮ ይታገዳል፣ ያኔ ኪው የሚቀንስበት መንገድ ይዘጋል።

ፖርት ተይዟል የሚል ኢረር

አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ራቢት ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው፣ ለምሳሌ ዶከር ላይ አንድ፣ ማሽኑ ላይ ደግሞ አንድ። አንዱን አቁሙ።

ፋይል ሊሚት የሚሉት ምንድነው?

ሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ኮኔክሽንና የተከፈተ ፋይል ይቆጠራል፣ ብዙ ቦታ የተለመደው ገደብ 1024 ነው፣ ለብሮከር አይበቃም። በሲስተምዲ ከሆነ የሚነሳው የሰርቪሱ ኦቨርራይድ ፋይል ውስጥ ሊሚት ኖፋይል (LimitNOFILE) የሚለውን ቢያንስ 65536 አድርጉት፣ ተርሚናል ላይ ብቻ መቀየር ሰርቪሱን አይነካውም።

ስንት ኖድ ልጫን?

ወይ አንድ ወይ ሶስት። ሁለት የሚሉ አሉ፣ ኮረም ኪው የሚሰራው ከግማሽ በላይ ኖድ ሲስማማ ነው፣ ከሁለት አንዱ ሲወድቅ የቀረው ብቻውን ከግማሽ በላይ አይደለም፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ማሽን ከፍላችሁበት ከአንድ የተሻለ አይጠብቃችሁም። ለጀማሪ አንድ ኖድ፣ ጥሩ ዲስክ እና የዴፊኒሽን ባክአፕ በቂ ነው፣ የዴፊኒሽን ባክአፕ ማለት ኪዎቹን፣ ዩዘሮቹንና ፐርሚሽኖቹን ማኔጅመንት ገጹ ላይ ኤክስፖርት የምታደርጉት ፋይል ነው፣ መሴጆቹን ግን አይጨምርም።

3 ላይ ነኝ፣ ወደ 4 በቀጥታ ልሂድ?

ከ3.13 ከሆነ አዎ፣ ከዛ በታች ከሆናችሁ መጀመሪያ ደረጃ በደረጃ 3.13 ድረስ ውጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ፊቸር ፍላግ የሚባሉትን (የአዳዲስ ባህርያት ማብሪያዎች) ሁሉ ኢኔብል አድርጉ፣ ያልበራ ፍላግ ካለ አዲሱ ቨርዥን አልነሳም ሊል ይችላል። ሚረርድ ኪው (በብዙ ኖዶች ላይ የሚባዛ የድሮ የኪው አይነት) ስትጠቀሙ ከነበረ ደግሞ 4.0 ላይ ጨርሶ ወጥቷል፣ ቀድማችሁ ወደ ኮረም ኪው አዛውሩ።

እንዴት ነው በስርዓት የማጠፋው?

ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ፣ በቃ። ኪል በዘጠኝ አትምቱት። ራቢትኤምኪውሲቲኤል ላይ ስቶፕ እና ስቶፕ አፕ የሚባሉ ሁለት የሚመሳሰሉ ኮማንዶች አሉ፣ ስቶፕ ኤርላንጉን ጭምር ያጠፋል፣ ስቶፕ አፕ ብሮከሩን ብቻ አቁሞ ኤርላንጉን ይተወዋል። ስቶፕ አፕ ያላችሁትን ስታርት አፕ እስክትሉት ድረስ ሲስተምሲቲኤል "አክቲቭ" እያለ አንድም አፕ አይገናኝም፣ ቅድም ዳያግኖስቲክስን ተጠቀሙ ያልኩት ለዚህም ነው።